ሰው ሳይጠፋ ሰበብ ጠፋ፦ ብቸኝነት፣ ስልክና ገበያ በድሬዳዋ

ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ብቸኝነት አንድ ሪፖርት አወጣ። በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱን ብቸኝነት ይዞታል ይላል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በዓመት ወደ 871 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይሞታል። በሰዓት 100 ሰው ገደማ መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ እኛ ዘንድ ወሬው ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን "የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ እድር አለን፣ ቡና አለን፣ ጎረቤት አለን" ይላል። ሌላው "ሁሉን ያበላሸው ይሄ ስልክ ነው" ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሁለቱም ግን ነገሩን አሳጥረውታል።

ጉዳዩን ከድሬዳዋ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ድሬ ተግባቢ ከተማ ናት ይባላል፤ የማያውቁትን ሰው "አቦ" ብሎ ጠርቶ ወሬ መጀመር የተለመደባት። በዚያ ላይ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የገበያ ልጅ ናት። የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ዕቃ፣ ነጋዴና ሸማች ለድሬ እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ "ሸማችነት ሰውን አራራቀ" የሚለው ክስ እዚህ ሲመጣ ትንሽ ይደናቀፋል። የሚያራርቀው ገበያ ራሱ ነው? ወይስ የተለወጠው የአገበያየታችን መንገድ ነው?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

"ብቸኝነት" ስንል ሦስት ነገር እናደባልቃለን። አንደኛው ለብቻ መሆን ነው። ገዳም የገባ መነኩሴ ለብቻው ነው፤ ፈልጎት ነውና አናዝንለትም። ሁለተኛው መነጠል ነው። ይህ ይቆጠራል፤ በሳምንት ስንት ሰው አየ፣ ስንት ሰው ጠየቀው ተብሎ። ሦስተኛው ስሜት ነው። አንድ ሰው ያለው ግንኙነት ከሚፈልገው ጋር አልገጥም ሲለው የሚሰማው። ተመራማሪዎች ብቸኝነት የሚሉት ይህን ሦስተኛውን ነው። አሥራ አምስት ሰው በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ሊሰማ ይችላል።

ቋንቋችን ለዚህ ስሜት የተሻለ ቃል አለው፤ ባይተዋርነት። ባይተዋር የግድ ሰው የሌለው አይደለም። በሰው መሃል ቆሞ የኔ የሚለው ያጣ ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ዋይስ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ስሜቱን ራሱን ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ የልብ ሰው ማጣት ነው። ሌላው የሰፈር፣ የማኅበር፣ የአብሮ አደግ ክበብ ማጣት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ጥሩ ትዳር ይዞ አዲስ ከተማ የገባ ሰው ሁለተኛው ይጎድለዋል። መቶ ወዳጅ ኖሮት የትዳር ጓደኛውን የቀበረ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ካቾፖ ብቸኝነትን ከረሃብና ከጥም ጋር አመሳስሎታል። ረሃብ ምግብ ፈልግ ብሎ እንደሚጎተጉት ሁሉ፣ ብቸኝነትም ሰው ፈልግ የሚል የሰውነት ጥሪ ነው። እናቶቻችን "ሰው ራበኝ" ሲሉ ይህንኑ ነው የሚሉት። የካቾፖ ሥራ አንድ የማይመች ነገርም ጨምሯል። ረሃቡ ሲቆይ ሰውየው ሰውን መጠራጠር ይጀምራል። የጎረቤቱን ዝምታ ንቀት አድርጎ ይተረጉመዋል። "ውጣ፣ ከሰው ተቀላቀል" የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው። ምክሩ የሚደርሰው በሩን መዝጋት የጀመረ ሰው ጋ ነው።

"የፈረንጅ በሽታ" ነውን?

በሪፖርቱ መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ብቸኝነት የሚሰማው ሰው 24 በመቶ ገደማ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች 11 በመቶ ገደማ። እጥፍ ያህል ማለት ነው። "እኛ እድር አለን" የሚለው ወገን በዚህ ቁጥር ሳይደነግጥ አይቀርም።

ቁጥሩን ጠንቀቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። "ብቸኝነት ይሰማዎታል?" የሚለው ጥያቄ በየቋንቋው አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ቢሆንም ግኝቱን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እኛ አገር ማኅበራዊ ኑሮ ነፃ ሆኖ አያውቅም። የእድር መዋጮ አለ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ሰደቃ፣ የኢድ ልብስ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የኑሮው ነገር የታወቀ ነው። በዚያ ላይ የድግሱ ደረጃ ራሱ ከፍ ብሏል። ዲኮር ይኖራል፣ ቪዲዮ ይኖራል፣ አጃቢዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ ያሰፋሉ። አቅም ያጠረው ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? "ምን ይዤ፣ ምን ለብሼ እሄዳለሁ" ይልና ይቀራል። አንዴ ከቀረ ለሁለተኛው ያፍራል። በሦስተኛው አይጠራም።

ሸማችነት የሚባለው ነገር ብቸኝነትን የሚያመጣበት አንዱ መንገድ ይህ ይመስለኛል። ቀጥታ አያራርቅም። የመግቢያ ዋጋውን ነው የሚያስወድደው።

ሁለተኛው ምክንያት መንቀሳቀስ ነው። ወደ ድሬ በየዓመቱ ሰው ይገባል፤ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ነሐሴ 2014 ለተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለግንባታው። አብዛኛው ወጣት ነው። አንዲት ክፍል ይከራያል፦ ፍራሽ፣ ባልዲ፣ ሁለት ሰሃን፣ ግድግዳው ላይ ከሚስማር የተንጠለጠለ ልብስ። ከሥራ ሲመለስ ደክሞታል። አከራዩ ሰላም ይለዋል፣ በዚያው ያበቃል። የሰፈሩ እድር የሚያውቀው ቤት ያለውን ነው፤ ተከራይ ዛሬ አለ ነገ የለም ተብሎ ይታለፋል። ሪፖርቱ ብቸኝነት ወጣቶች ላይ ይበረታል የሚለው ለብዙ ሰው ድንገተኛ ነበር። የኪራይ ክፍል ያየ ግን ላይገርመው ይችላል።

ከከተማዋ የሚወጣም አለ። ጂዳ፣ ጅቡቲ፣ ቶሮንቶ። የቀሩት እናት ቤት ብር ይላካል፤ ትልቅ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይገባል። ማታ በኢሞ ይደወላል። የልጅ ልጅ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ይሳቃል፣ "አያቴ" ይባላል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ከመደወሉ በፊት ያልነበረ ዝምታ ቤቱን ይሞላዋል። እዚህ ላይ ስልክን መውቀስ ግፍ ነው፤ ያለ ስልኩ የልጅ ልጁ ፊትም አይታይም ነበር።

ሰበብ ምን ይሠራ ነበር?

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በዕለት ንግግራችን ሰበብ ማለት ማመካኛ ነው። ሌላም ትርጉም አለው፤ ለአንድ ነገር መነሻ፣ ምክንያት የሚሆን ነገር። ሰው ሰው ጋ ሲሄድ "ብቸኝነት ተሰምቶኝ መጣሁ" አይልም። ያሳፍራል። ሙቀጫ ልዋስ ብሎ ነው የሚሄደው። ወንፊት ልመልስ፣ እሳት ልጫር፣ ስልክ ልደውል፣ ዜና ልይ። እሳት ልትጭር የገባች ጎረቤት ሰዓት ትቆያለች። እሳቱ ከሰሉ ላይ ይጠፋል፣ እንደገና ትጭራለች። ማንም "ለምን መጣሽ" አላላትም፤ የመጣችበት አላት።

የጎደለን ፍቅር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ የጎደለን ሰበብ ነው ባይ ነኝ። ትንንሽ ችግሮች ሰውን እርስ በርስ ያገናኙ ነበር። አሁን እነዚያን ችግሮች አንድ በአንድ ገንዘብና ስልክ እየፈቷቸው ነው። ችግሩ ሲፈታ ደስ ይላል። ከችግሩ ጋር የሄደው ነገር ግን በማንም ደረሰኝ ላይ አልተጻፈም።

ሦስት ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ።

ዱቤን እንውሰድ። የሰፈር ሱቅ ደብተር አለው፤ ጫፉ የተጠቀለለ፣ ዘይት የነካው። "የአለሙ እናት፣ ሳሙና 2፣ ስኳር ግማሽ" ተብሎ ይጻፍበታል። ዱቤ ለመጠየቅ ሰውየውን ማወቅ፣ ጤንነቱን መጠየቅ፣ ወር ሲደርስ ሄዶ መክፈል ያስፈልጋል። ባለሱቁም ማን ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ እንደታመመ ያውቃል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። በዓመቱ "መላ" እና "እንደኪሴ" የሚባሉ የብድር አገልግሎቶች ተጨመሩበት። አሁን ሒሳብ ላይ ብር ሲያጥር ስልኩ ራሱ ይሞላል። ይሉኝታ የለም፣ ለማንም ፊት ማሳየት የለም። ስንቱን ከማፈር አድኖታል። ማበደር አለማበደሩን የሚወስነው ግን የስልክና የገንዘብ ዝውውር ታሪክን የሚያይ ሥሌት ነው፤ ልጇ እንደታመመ አያውቅም።

ሁለተኛው የእድሩ ጥሩንባ ነው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጥሩንባ ነፊው በሰፈሩ ይዞራል። ድምፁ ሁሉንም ይቀሰቅሳል። "የማን ቤት ነው?" ለማለት ሰው በሩን ይከፍታል። በር ላይ ጎረቤቱን ያገኛል። አብረው ይሄዳሉ። ዛሬ ብዙ እድር የቴሌግራም ግሩፕ አለው። መርዶው በጽሑፍ ይመጣል፣ ሥርዓተ ቀብሩ የት እንደሆነ በግልጽ። መረጃው ከጥሩንባው የተሻለ ነው፤ ሌላ ከተማ ያለው አባልም ወዲያው ይሰማል። ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ይደረደራል፣ የተጋጠሙ እጆች ምልክት ይደረደራል። መዋጮውም በስልክ ይላካል። ድንኳኑና ወንበሩ ይደርሳል። ሰው መቅረቱን የሚያየው ግን ሐዘንተኛው ነው፤ ባዶ ወንበሮቹን እየቆጠረ። ሲቀር የሚከፈለው ቅጣት ደግሞ ለብዙዎች ከመሄዱ ይረክሳል።

ሦስተኛው ቡና። ቡና ሲፈላ አንድ ሕፃን ይላክ ነበር፤ "እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች" እንዲል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱ እስኪያልቁ ማንም አይነሣም፤ መነሣት ነውር ነው። ወጣቶቹ ፋታ የላቸውም፣ ስልክ ያፈጣሉ ይባላል። አንድ የማይነሣ ነገር አለ፤ ዋጋው። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ታሪካዊ ከፍታ ላይ ደርሶ ነበር። ስኳሩም ከሰሉም እንደዚያው። አምስት ጎረቤት ጠርቶ በቀን ሁለት ጊዜ ማፍላት ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ በሩ ገርበብ ይላል፣ ጀበናው ትንሹ ይመረጣል፣ ሕፃኑ አይላክም። ይህን ስልክ አላደረገውም።

ሙቀቱ፣ ደጃፉና የቺካጎው ሐምሌ

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ሙቀቱ ለከተማዋ ማኅበራዊ ኑሮ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ብዙም አይነገርለትም እንጂ። ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲያቅት ሰው ወደ ውጭ ይወጣል። ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ወንበር ይወጣል። ነፋስ ፍለጋ የወጣ ሰው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር፣ በመጋላ ሰፈር ጠባብ መንገዶች፣ ሙቀቱ ራሱ ሰበብ ነበር።

ከዚያ ቬንትሌተር መጣ። አቅም ላለው ኤሲ። ኤሲ እንዲሠራ መስኮትና በር መዘጋት አለበት። ያላቸው ሰዎች ማታቸውን ቤት ውስጥ ቢያሳልፉ ማን ይፈርድባቸዋል? ግንቦትንና ሰኔን ድሬ የከረመ ሰው አይፈርድም። ደጃፉ ላይ የሚወጣው ወንበር ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ስለ ሙቀትና ብቸኝነት ከተነሣ የቺካጎን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በሐምሌ 1995 (እ.ኤ.አ.) ኃይለኛ ሙቀት ያቺን የአሜሪካ ከተማ መታት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በኋላ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሰፈሮችን አነጻጸረ። ሁለቱም ድሃ ናቸው። በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። በአንዱ የሞተው ሰው ግን ከሌላው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱን ያገኘው መንገድ ላይ ነው። ብዙ ሰው ያልሞተበት ሰፈር ሱቅ የበዛበት፣ ሰው የሚተራመስበት ነበር። አሮጊቷ ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች፣ ሱቅ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላታል፣ አንድ ቀን ብትቀር ባለሱቁ ይጠይቃል። በሌላው ሰፈር ሱቆቹ ተዘግተው ነበር። መንገዱ ባዶ ነው፤ የሚያስወጣ ነገር የለም። አረጋውያኑ በራቸውን ዘግተው ሞቱ።

ያዳናቸው ገበያ ነው። ሰው ለሰው እየተያየ የሚገበያይበት ገበያ። የድሬውን የቀፊራ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እዚያ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት በኦሮምኛም በሶማሊኛም በአማርኛም ይከራከሩበታል። ዋጋው ይጠራል፣ ገዢ ሄድኩ ይላል፣ ይጠራል፣ ይመለሳል። ሻጯ የደንበኛዋን ልጅ ስም ታውቃለች። ይህም ሸማችነት ነው። የሚለየው ለመግዛት መነጋገር የግድ መሆኑ ነው። በስልክ ታዝዞ በሞተር የሚመጣ ዕቃ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ ማንንም "አይ ቀንሺ እንጂ" አያሰኝም።

ድሬ የራሷ ማስረጃ አላት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እንዲህ ባለ ሌሊት መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ የየትኛው ቤት ውስጥ ስንት ሕፃን እንደሚተኛ የሚያውቀው እሱ ነውና። ይህ ዕውቀት ከቡናና ከዱቤ ነው የሚጠራቀመው።

ስልኩስ?

ድሬ በዚህም ቀዳሚ ናት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጀመረው እዚህ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.።

ማኅበራዊ ሚዲያ ሲጀመር የሚያሳየው የምናውቃቸውን ሰዎች ነበር። የአክስት ልጅ ፎቶ፣ የክፍል ጓደኛ ሠርግ። በኋላ ሥራው ተለወጠ። አሁን ቲክቶክ ከፍቶ የሚያይ ሰው ፊቱ የሚመጡለትን ቪዲዮዎች በብዛት የሚመርጥለት አልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝም ማለት ቀጥሎ ምን ይታይ የሚለውን የሚወስን የኮምፒውተር ሥሌት ነው። ዓላማውም ተመልካቹ እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸጠው ሰው እስካለ ድረስ ነዋ። የጓደኛ ሠርግ ከማያውቁት ኮሜዲያን ያነሰ ደቂቃ ካስቆየ፣ ኮሜዲያኑ ይመረጣል። ስለዚህ "ማኅበራዊ" የሚለው ስም ቀርቷል፤ ነገሩ ወደ ቴሌቪዥን እየሄደ ነው፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ወደተሠራ ቴሌቪዥን።

ከዚህ ጋር የአንድ ወገን ወዳጅነት የሚባለው ይመጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሆርተንና ዎል የተባሉ አጥኚዎች በ1956 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሬድዮና ቴሌቪዥን ጽፈውበታል። ተመልካቹ አቅራቢውን እንደ ወዳጁ ያውቀዋል፤ አቅራቢው ግን አያውቀውም። በቲክቶክ ላይቭ ይህ ወዳጅነት ዋጋ ወጥቶለታል። በገንዘብ የተገዛ የጽጌረዳ ሥዕል ይላካል፣ የአንበሳ ሥዕል ይላካል። ሲላክ ስም ይጠራል፤ "አመሰግናለሁ ወንድሜ" ይባላል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በኪራይ ክፍል ውስጥ ስሙ የተጠራ ሰው ደስታው እውነተኛ ነው። ብሩም እውነተኛ ነው።

ታዲያ ስልክ ብቸኛ ያደርጋል? ጥናቶቹ አንድ ቃል አይደሉም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ 143 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን በቀን እያንዳንዱን ለ10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ተማሪዎች በ3 ሳምንት ውስጥ ብቸኝነታቸው ቀንሷል። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኦርበንና ፕሺቢልስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች የብዙ መቶ ሺህ ታዳጊዎችን መረጃ መረመሩ። በታዳጊዎቹ መካከል ካለው የመንፈስ ጤንነት ልዩነት በዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም የሚብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው አሉ። ከቁጥር የማይገባ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ብዙም አይጣሉም። የመጀመሪያው ጥቂት ሰዎች ላይ ያተኮረ ነው፤ ሁለተኛው አማካይ ነው። አማካይ ውስጥ ጅቡቲ ካለ ልጇ ጋር በኢሞ የምታወራው እናትና ሌሊቱን ላይቭ ላይ የሚያድረው ተከራይ አንድ ላይ ተደምረዋል። አንዷን ስልኩ አዳናት። ሌላውን ከሰው እየተካለት ነው። ጥያቄው ስንት ሰዓት የሚለው ብቻ አይደለም። ስልኩ ወደ ሰው ያደርሳል ወይስ ሰውን ይተካል የሚለው ነው።

በርጫውም ላይ ይኸው ይታያል። ጫት ተቃሚዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ወሬው የሚደራበት ሰዓት ነበር። ጫት በጤና፣ በኪስና በሥራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ስለ ጨዋታው ብቻ ብናወራ ግን አሁን ምርቃናው ሲመጣ ብዙው አንገቱን ደፍቶ ስክሪን ያያል። ሰዎቹ አሉ፣ ፍራሹ አለ፣ ጨዋታው የለም።

ከሐረር የሚመጣ ሌላ ሐሳብ

አንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ሐረር ጁገል ውስጥ ነገሩን በሌላ መንገድ የያዙት አሉ። የሐረሪዎች አፎቻ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። የሴቶች አለ፣ የወንዶች አለ። ከእድር ጋር ይመሳሰላል፤ አባልነቱ ግን ከቤተሰብና ከጉርብትና ጋር ጠልቆ የተያያዘ ነው። አፎቻ ሲጠራ መሄድ ውዴታ አይደለም። ግዴታ ነው።

ለዘመኑ ሰው ግዴታ ደስ አይልም። ብቸኝነትን በሚመለከት ግን ግዴታ አንድ ጥቅም አለው፤ ስሜትን አይጠብቅም። ዛሬ ደብሮኛል፣ ሰው ማየት አልፈልግም ያለች ሴት አፎቻ አለባትና ትወጣለች። ቅድም እንዳልነው ብቸኝነት ሲቆይ ሰውን ከሰው ያሸሻል። በስሜት ብቻ ለሚሄድ ሰው መውጫ የለውም።

ቤቱም ያግዛል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ትልቁ ክፍል ነደባ የሚባሉ፣ ከፍታቸው የተለያየ መቀመጫዎች አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይተያያል። ጀርባ ሰጥቶ የሚቀመጥ የለም። ግድግዳው ላይ ስፌቶች ተሰቅለዋል። በአንዳንድ ቤት አሁን ከስፌቶቹ መሃል ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገብቷል፤ የተቀማጮቹ ዓይንም በዚያው ዞሯል።

"ድሮ ጥሩ ነበር" የሚለውስ?

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ድሮን እያወደስን ሊመስለው ይችላል። ተቃራኒው ወገን ጠንካራ ክርክር አለው። የድሮው ጉርብትና ዓይን ነበረው። ማን ማታ ገባች፣ ከማን ጋር ታየች፣ ለምን አልወለደችም። ቡናው ላይ የሚፈላው ሐሜትም ነበር። ቡናውን የምታፈላው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በዚያው ክበብ ውስጥ አልነበረችም፤ ከሁሉም ይበልጥ ብቸኛዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም። ዱቤ የተከለከለ ሰው ውርደቱን ያውቀዋል። ለነዚህ ሰዎች ስልኩና ገንዘቡ ያመጡት ነፃነት ነው። ሚስጥሯን የማይበትን ጓደኛ ኦንላይን ያገኘች ልጅ "የድሮው ይሻላል" ብትባል ትስቃለች።

ክርክሩ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ይስታል። ከዓይኑ ለማምለጥ አቅም ያለው ሰውና የሌለው ሰው እኩል አይደሉም። ገንዘብ ያለው ሰው ጎረቤትን ትቶ ካፌ፣ ጂም፣ ጉዞ ይገዛል። አዲስ ክበብ ይመሠርታል። የሌለው የሰፈሩን ክበብ ያጣና ምትክ ሳያገኝ ይቀራል። ማን ብቸኛ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከጊዜ ወደ ጊዜ የገቢ ጥያቄ እየሆነ ይሄዳል።

ጣጣው ከስሜት ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ብቸኝነትንና መነጠልን ከልብ በሽታ፣ ከስትሮክ፣ ከስኳርና ከድብርት ጋር ያያይዛቸዋል። ሆልት-ሉንስታድና ባልደረቦቿ በ2010 (እ.ኤ.አ.) 148 ጥናቶችን ሰብስበው ባዩት መሠረት ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የበለጠ ነበር።

ወንበሩ

ብሪታንያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለብቸኝነት ሚኒስትር ሾመች፤ ጃፓን በ2021 ተከተለች። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከዚምባብዌ የመጣው ነው። ስሟ ለሐረር በሚቀርበው ሐራሬ ከተማ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የከፋው ሰው ይመጣል፣ ከአንዲት አያት ጎን ይቀመጣል፣ ያወራል። በሾና ቋንቋ ሕመሙን "ኩፉንጊሲሳ" ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት እንደማለት። እኛም "ሐሳብ አበዛች" እንላለን። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሙከራ 573 ሰዎችን ተከታትሎ ከ6 ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ምልክቶቻቸው በእጅጉ እንደቀነሱ አሳይቷል። ወንበሩ የሠራው ሰበብ ስለሰጠ ነው። ጤና ጣቢያ መሄድ አያሳፍርም።

ድሬ ላይ ለዚህ የሚቀርበው ነገር መንግሥትም ድርጅትም አልጀመረውም። የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ነው። አንዲት ሴት፣ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃ፣ ጉልበት ለጉልበት የሚያነካኩ አምስት ስድስት ዱካዎች። ቤት ውስጥ የከበደው ቡና እዚህ በስኒ ይሸጣል። ማንም ደጋሽ አይደለም፣ ማንም ባለዕዳ አይደለም። ተከራዩም የባጃጁ ሾፌርም ጡረተኛውም እኩል ይቀመጣሉ። ሸማችነት ነው፤ ሒሳቡም በቴሌብር ይከፈላል። ዱካው ግን ጀርባ የለውም፣ ወደ ኋላ ተደግፎ ስልክ ማየት አይመችም። የሰው ፊት ቅርብ ነው። የእግረኛ መንገድ ሲታደስና ከተማ ሲዋብ መጀመሪያ "ይነሡ" የሚባሉትም እነዚህ ዱካዎች ናቸው። መንገዱን የሚነድፉት ሰዎች ይህን እንደ ጤና ጉዳይ ቢያዩት ምን ይመስል ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሁልጊዜ በ3 ሰዓት የሚመጣ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ ሴትየዋ ስኒዋን እያለቀለቀች "ያ ልጅ ምነው ጠፋ?" ትላለች። ማንም አያውቅም። ከዚያ ባለባጃጁ "ሳቢያን ነው መሰለኝ የሚከራየው፣ አንዴ አድርሼዋለሁ" ይላል።